የአየርላንድ የመሬት ውሎችና የዘር ሐረግ፦ ተከራዩን በአከራዩ ስም መፈለግ

አየርላንዳዊ የዘር ሐረጉን የሚከታተል ሰው ደብሊን ካለው የመሬት ውሎች መዝገብ ባዶ እጁን የሚመለሰው ብዙ ጊዜ በአንድ ምክንያት ነው፤ ማውጫው ላይ የፈለገው የገዛ ቅድመ አያቱን ስም ነው። ማውጫው ግን የተሠራው በሰጪው ስም ነው። ያከራየ፣ የሸጠ፣ መሬቱን በመያዣ አስይዞ የተበደረ ሰው በፊደል ተራ ተጽፎ ይገኛል። የተከራየ፣ የገዛ፣ ያበደረ ሰው የራሱ ማውጫ የለውም። ቅድመ አያትዎ በ1760 ከአንድ ባላባት 40 ኤከር ተከራይተው ከሆነ፣ ስማቸው፣ መንደራቸው፣ ምናልባትም የሚስታቸውና የልጃቸው ስም መዝገቡ ውስጥ ሊኖር ይችላል፤ ወደዚያ ገጽ የሚያደርሰው በር ግን የባላባቱ ስም ነው። ስለዚህ የፍለጋው የመጀመሪያ ጥያቄ «አያቴ የት ተመዘገቡ?» ሳይሆን «አያቴ የማን ጭሰኛ ነበሩ?» የሚል ነው።

(እዚህ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

መዝገብ ቤቱ ሬጅስትሪ ኦፍ ዲድስ ይባላል። በ1707 በወጣ ሕግ ተቋቁሞ በ1708 ሥራ ጀመረ፤ ከ1832 ወዲህ የሚገኘው በደብሊን ሄንሪዬታ ጎዳና ነው። የቦታው ነገር ቀላል አይደለም። ጁን 30 ቀን 1922 በእርስ በርስ ጦርነቱ መጀመሪያ ላይ ፎር ኮርትስ በሚባለው የፍርድ ቤቶች ግቢ የነበረው የሕዝብ መዛግብት ቤት ሲቃጠል፣ ኑዛዜዎቹ ከሞላ ጎደል በሙሉ፣ ከ1821 እስከ 1851 የተደረጉት የሕዝብ ቆጠራ ወረቀቶች አብዛኞቹ፣ እዚያ የተቀመጡት የአየርላንድ ቤተ ክርስቲያን የጥምቀትና የጋብቻ መዝገቦችም ከሞላ ጎደል በሙሉ አብረው ጠፉ። የ1861 እና የ1871 ቆጠራዎች ቀድሞውኑ በመንግሥት ትእዛዝ ተወግደው ነበር፤ የ1881 እና የ1891ም በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለወረቀት ፋብሪካ ተሰጥተው አልቀዋል። የመሬት ውሎቹ ሌላ ግቢ ውስጥ ስለነበሩ እሳቱ አልደረሰባቸውም። ከ1708 ጀምሮ ሳይቋረጥ የሚሄድ፣ እስከ 1832 ብቻ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ውሎችን የያዘ መዝገብ ዛሬም በእጅ አለ። አየርላንድ ለሁለት ከተከፈለች በኋላ ሰሜን አየርላንድ የራሷን መዝገብ ብታቋቁምም፣ ከዚያ በፊት የነበሩት የስድስቱ የሰሜን ካውንቲዎች (አውራጃዎች) ውሎችም የተመዘገቡት በዚሁ በደብሊን ነው፤ የማይክሮፊልም ቅጂያቸውም ቤልፋስት ባለው የሰሜን አየርላንድ የሕዝብ መዛግብት ቤት ይታያል።

መዝገቡ ውስጥ ማን አለ፣ ማን የለም

ሕጉ የወጣበት ዘመን ካቶሊኮች በብርቱ የታሰሩበት ዘመን ነው። በ1704 በወጣው ሕግ መሠረት ካቶሊክ መሬት መግዛት አይችልም፤ ሲከራይም ከ31 ዓመት የበለጠ ውል መያዝ አይፈቀድለትም። በ1709 ደግሞ ይህን ክልከላ ተላልፎ የተያዘን መሬት ያጋለጠ ፕሮቴስታንት መሬቱን ለራሱ እንዲጠይቅ ተፈቀደ። መዝገብ ቤቱ የተቋቋመው ሐሰተኛ ውልንና አንድን መሬት ለሁለት ሰው መሸጥን ለመከላከል ነው ቢባልም፣ ማን ምን እንደያዘ ለመቆጣጠርም አገልግሏል። መመዝገብ ግዴታ አልነበረም፤ ግን የተመዘገበ ውል ካልተመዘገበው ይቀድማል። ስለዚህ ገንዘብ ያፈሰሰበት ሰው ያስመዘግባል፤ መሬቱ እንዳይታወቅበት የሚፈልግ ሰው ደግሞ ውሉን ሳጥኑ ውስጥ ያስቀምጣል።

ሌላም ነገር አለ። ከ21 ዓመት ያልበለጠና ተከራዩ ራሱ መሬቱን የያዘበት ኪራይ መመዝገብ አላስፈለገውም። ከዓመት ዓመት በቃል ተስማምቶ የሚያርሰው ድሃ ገበሬ ደግሞ ጭራሽ ወረቀት አልነበረውም። ቅድመ አያትዎ የቀን ሠራተኛ ወይም የአንድ ጎጆ ጭሰኛ ከነበሩ፣ በዚህ መዝገብ እንደ ተዋዋይ የመገኘታቸው ዕድል በጣም ጠባብ መሆኑን አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል። ነጋዴ፣ ወፍጮ ያለው፣ ቆዳ ፋቂ፣ ጠማቂ፣ ባለሱቅ፣ ሰፊ መሬት ተከራይቶ ለሌሎች የሚያከራይ መካከለኛ፣ በሰሜኑ ክፍል በአልስተር የሚኖር ፕሬስቢቴሪያን፣ ኩዌከር (ሁለቱም የፕሮቴስታንት ወገኖች ናቸው)፦ እነዚህ በብዛት አሉ። ካቶሊኮችም ከ1778 ወዲህ እስከ 999 ዓመት መከራየት፣ ከ1782 ወዲህ መግዛት ስለተፈቀደላቸው ከዚያ በኋላ ቁጥራቸው እየበዛ ይሄዳል። ከዚያ በፊትም ቢሆን የ31 ዓመት ውል ሲገኝ ተከራዩ ካቶሊክ ሊሆን እንደሚችል ጥቆማ ነው፤ ማስረጃ ግን አይደለም፤ ፕሮቴስታንትም በ31 ዓመት ይከራይ ነበርና። ከ1778 በፊት በሦስት ሰዎች ዕድሜ (ሦስቱም እስኪሞቱ በሚጸና ውል፤ ወደ ታች ይብራራል) የተከራየ ሰው ግን ወይ ፕሮቴስታንት ነው ወይ ሃይማኖቱን ለውጧል።

አንድ የሚያጽናና ነገር አለ። ትንሹ ገበሬ ተዋዋይ ባይሆንም በውሉ ውስጥ ስሙ ሊነሳ ይችላል፤ መሬቱ «ቀድሞ እገሌ ይዞት የነበረው» ወይም «በሰሜን ከእገሌ ይዞታ የሚዋሰን» ተብሎ ሲገለጽ። ይህ ዓይነቱ ስም በየትኛውም የመዝገብ ቤቱ ማውጫ የለም። በአብዛኛው የሚገኘው ገጹን በዓይን በማንበብ ነው።

ሜሞሪያል ምን ይመስላል

ዋናው ውል መዝገብ ቤቱ ውስጥ የለም። ዋናው በባለቤቶቹ እጅ ቀርቶ፣ አብዛኛው በዘመን ብዛት ጠፍቷል። ለመዝገብ ቤቱ የሚቀርበው ሜሞሪያል የሚባል የውሉ ማጠቃለያ ነበር። ከተዋዋዮቹ ቢያንስ አንዱ ይፈርምበታል፤ ማኅተሙን ያኖርበታል፤ ሁለት እማኞች ይቆሙበታል፤ ከሁለቱም አንዱ የዋናው ውል እማኝ የነበረ መሆን አለበት። ያ እማኝ በመዝጋቢው ወይም በሰላም ዳኛ ፊት ቀርቦ ይምላል። ከዚያ ጸሐፊው ሜሞሪያሉን ቃል በቃል በትልቅ የግልባጭ መዝገብ ይገለብጠዋል። ዛሬ በኮምፒውተር የምናየው ይህን የጸሐፊውን ግልባጭ ነው። የተመዘገበበት ቀን ብቻ ሳይሆን ሰዓቱም ይጻፋል፤ ሁለት ሰዎች በአንድ ቀን ቢመጡ ቀዳሚው ማን እንደሆነ መታወቅ ነበረበትና።

አንድ የኪራይ ሜሞሪያል ወደ አማርኛ ቢመለስ መልኩ ከሞላ ጎደል እንዲህ ነው (ለማሳያ የተዘጋጀ ነው)፦

«ማርች 25 ቀን 1765 የተጻፈ የኪራይ ውል ሜሞሪያል፤ በአንድ ወገን የካውንቲ ቲፐራሪው እገሌ፣ ኤስኳየር (የባላባት ማዕረግ)፤ በሌላ ወገን የዚያው ካውንቲ ገበሬ እገሌ። በዚህም የተባለው እገሌ ለተባለው እገሌ፣ ቀድሞ እገሌና ሸሪኮቹ ይዘውት የነበረውን፣ በኤልዮጋርቲ ባሮኒ (የካውንቲ ክፍል) የሚገኘውን መሬት፣ 40 ኤከር በፕላንቴሽን ልክ፣ ለተባለው እገሌ ዕድሜ፣ ለሚስቱ ለእገሊት ዕድሜና ዘጠኝ ዓመት ገደማ ለሆነው ለሁለተኛ ልጁ ለእገሌ ዕድሜ አከራየ። እማኞች፦ የቲፐራሪው እገሌ፣ ጨርቅ ነጋዴ፤ የተባለው ኤስኳየር ጸሐፊ እገሌ።»

ሕጉ የሚጠይቀው የውሉን ቀን፣ የተዋዋዮቹንና የእማኞቹን ስም፣ ሥራና መኖሪያ፣ የመሬቱንም መገኛ ነው። የኪራዩን መጠን ወይም የሽያጩን ዋጋ መጻፍ ግዴታ አልነበረም፤ ገንዘባቸውን ለሰው ማሳየት ያልፈለጉ ሰዎችም ብዙ ጊዜ ሳይጽፉት ትተውታል። አንዱ ሜሞሪያል ግማሽ ገጽ ብቻ ሲሆን ሌላው ሙሉውን ውል ይዞ አምስት ስድስት ገጽ ይሄዳል።

ፍለጋው እንዴት ይሄዳል

ከቅርቡ ወደ ሩቁ ነው የሚሄደው። የ1901 እና የ1911 የሕዝብ ቆጠራ ወረቀቶች በአየርላንድ ብሔራዊ መዛግብት ድረ ገጽ በነጻ ይገኛሉ፤ ቤተሰቡ የኖረበትን ታውንላንድ ከዚያ ያውጡ። ታውንላንድ የአየርላንድ ትንሿ የመሬት ክፍል ናት፤ ከ60,000 በላይ ናቸው፤ ያለ እርሷ ፍለጋው አይንቀሳቀስም። ቀጥሎ ግሪፊዝ ቫሉዌሽን ወደሚባለው፣ ከ1847 እስከ 1864 ወደታተመው የግብር ግምት ይሂዱ። እዚያ ከተከራዩ ስም አጠገብ መሬቱን ያከራየው ሰው ስም በራሱ ዓምድ ተጽፏል። የሚፈልጉት ቁልፍ ያ ነው።

ቁልፉ አንዳንዴ አዲስ በር ይከፍታል እንጂ አሮጌውን አይከፍትም። በ1840ዎቹ አየርላንድን ከመታው ከታላቁ ረሃብ በኋላ በዕዳ የሰመጡ ባላባቶች መሬት በ1849 በተቋቋመው ልዩ ፍርድ ቤት አማካይነት በብዛት ተሸጧል። በግሪፊዝ ላይ የተጻፈው አከራይ ትናንት የገዛ የከተማ ነጋዴ ሊሆን ይችላል። የ1760ውን ባላባት ለማወቅ የዚያን ፍርድ ቤት የሽያጭ ጥራዞች ማየት ያስፈልጋል፤ ጥራዞቹ የተከራዮችን ስም ይዘረዝራሉ፣ የኪራይ ውሎቹንም ቀን ይናገራሉ፣ ዕድሜያቸው የኪራዩ መለኪያ ከሆነው ሰዎች ማን እንዳለ ማን እንደሞተ ሳይቀር የሚገልጹ አሉ። ለኮናክትና ለመንስተር ክፍላተ ሀገር ደግሞ የጎልዌይ ዩኒቨርሲቲ ያሰናዳው የባላባት ቤተሰቦች የመረጃ ቋት አለ።

የባላባቱን ስም ሲይዙ ወደ ማውጫው ይግቡ። ማውጫዎቹና ግልባጮቹ በማይክሮፊልም ተነሥተው በፋሚሊሰርች ድረ ገጽ በነጻ ምዝገባ ገጽ በገጽ ይታያሉ። ሁለት ዓይነት ማውጫ አለ፤ የሰጪዎች ማውጫና የመሬቶች ማውጫ። የሰጪዎቹ ማውጫ እስከ 1832 ድረስ የሚሰጠው የሰጪውን ስም፣ የመጀመሪያውን ተቀባይ የቤተሰብ ስም፣ ከዚያም ሦስት ቁጥር ብቻ ነው፤ ቅጽ፣ ገጽና የሜሞሪያል ቁጥር። ካውንቲ አይጽፍም። ባላባቱ በአገሩ የተለመደ ስም ካለው አንድ መቶ መስመር ሊገጥምዎት ይችላል። ዓይንዎ መሄድ ያለበት ወደ ሁለተኛው ዓምድ፣ ወደ ተቀባዩ ስም ነው፤ የቤተሰብዎ ስም እዚያ ብቅ ካለ ያንን መስመር ይጻፉ። ግን የሚጻፈው የመጀመሪያው ተቀባይ ብቻ ስለሆነ፣ ሦስት ወንድማማቾች በአንድነት ከተከራዩና ፊተኛው ሌላ ሰው ከሆነ የቤተሰቡ ስም አይታይም።

ያን ጊዜ የመሬቶቹ ማውጫ ይረዳል። የተደራጀው በካውንቲ ነው፤ በካውንቲው ውስጥ መጀመሪያ በታውንላንዱ የመጀመሪያ ፊደል፣ ከ1820ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ደግሞ በባሮኒ ተከፍሏል፤ ከተሞች ለብቻቸው ናቸው። በፊደሉ ውስጥ ያለው ቅደም ተከተል ግን ጥብቅ አይደለም፤ በአንድ ፊደል ስር ያለውን ሁሉ ከላይ እስከ ታች ማንበብ ግድ ይላል። አሰልቺ ነው፤ አቋራጭም የለውም። ጥቅሙ ግን ትልቅ ነው፤ የባላባቱን ስም ሳያውቁም መሬቷ በማን እጅ ከማን ወደ ማን እንደዞረች በተከታታይ ያሳያል። የቦታ ስሞች አጻጻፍ የተስተካከለው የመሬት ቅየሳ መሥሪያ ቤቱ ከ1824 ጀምሮ ካርታ ሲያነሣ ነው፤ ከዚያ በፊት አንዲት ታውንላንድ በአራት አምስት ዓይነት ፊደል ትጻፍ ነበር። በኬ የምትጀምረው በሲ ስር፣ ባሊ ብላ የምትጀምረው ያለ ባሊ ልትገኝ ትችላለች። የድሮ ንዑስ ቦታዎች ደግሞ ካርታው ላይ ሳይወጡ ቀርተው ስማቸው ጠፍቷል።

የቅጹን ቁጥር ይዘው ወደ ግልባጩ ሲሄዱ አንድ ፊልም ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ቅጾችን ሊይዝ እንደሚችል ያስታውሱ፤ የገጽ ቁጥሩ በመካከል እንደገና ከአንድ ይጀምራል። ትክክለኛው ቅጽ ውስጥ መሆንዎን የሚያረጋግጠው በኅዳጉ ያለው የሜሞሪያል ቁጥር ነው፤ ገጹ ተመሳስሎ ቁጥሩ ካልገጠመ ሌላ ቅጽ ውስጥ ገብተዋል። ሜሞሪያሉ በገጹ ግርጌ ጀምሮ ወደ ቀጣዩ ሊሻገር ስለሚችል ሁልጊዜ ቀጣዩን ገጽም ያስቀምጡ፤ እማኞቹ ያሉት መጨረሻው ላይ ነው። ከ1833 ወዲህ ማውጫው ካውንቲ ስለሚጨምር ሥራው ይቀላል፤ የማጣቀሻውም አጻጻፍ ተለውጦ በዓመቱ ይጀምራል።

በጎ ፈቃደኞች ሜሞሪያሎቹን እያነበቡ የሰዎችን ሁሉ ስም፣ እማኞችን ጨምሮ፣ የሚመዘግቡበት ሌላ ማውጫም በድረ ገጽ አለ። ከእርሱ መጀመር ብልህነት ነው፤ ደቂቃ አይወስድም። ሥራው ገና ስላላለቀ ስሙ እዚያ አለመገኘቱ ሰውየው በመዝገቡ የለም ማለት አይደለም።

በሰው ዕድሜ የተለካ ኪራይ

ለዘር ሐረግ ፈላጊ ከውሎች ሁሉ የበለጠው ይህ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን አየርላንድ ኪራይ በዓመት ብቻ ሳይሆን በሰው ዕድሜም ይለካ ነበር። ውሉ ሦስት ሰዎችን በስም ይጠራል፤ ከሦስቱ አንዱ እንኳ በሕይወት እስካለ ኪራዩ ይጸናል፤ የመጨረሻው ሲሞት መሬቱ ለባላባቱ ይመለሳል። ተከራዩ ኪራዩ እንዲረዝምለት ስለሚፈልግ ወጣትና ጤነኛ ሰው ይመርጣል፤ ያም ብዙ ጊዜ የገዛ ልጁ ነው። ከላይ ባለው ማሳያ የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ በ1756 ገደማ ተወልዷል ማለት ነው፤ የጥምቀት መዝገቡ ቢቃጠልም የልደት ዓመቱ እነሆ። «ሁለተኛ ልጅ» የምትለው ቃል ደግሞ ያልተጠቀሰ ታላቅ ወንድም እንዳለ ትነግረናለች።

አንዳንዱ ውል ለዘላለም የሚታደስ ነበር፤ ከሦስቱ አንዱ ሲሞት ተከራዩ የተወሰነ ገንዘብ ከፍሎ በሟቹ ምትክ ሌላ ስም ያስገባል። በእድሳቱ ውል ላይ ማን እንደሞተ፣ በማን እንደተተካ ይጻፋል። የአንድን መሬት እድሳቶች ተከትሎ የሄደ ሰው የሦስትና የአራት ትውልድ ሰንሰለት በእጁ ሊያስገባ ይችላል። ጥንቃቄ የሚያሻው አንድ ነገር፦ ልጅ የሌለው ወይም ረጅም ዕድሜ የፈለገ ተከራይ የንጉሡን ልጆች ስም ያስገባ ነበር፤ የእነርሱ ሞት ለሁሉ የሚታወቅ ስለሆነ ክርክር አያስነሣም። የዌልስ ልዑል በአያትዎ ውል ላይ ቢገኝ ዘመድ አይደለም።

እንዲህ ያለው ኪራይ የመምረጥ መብትም ይሰጥ ነበር፤ ተከራዩ ከመሬቱ የሚያገኘው ጥቅም በዓመት ቢያንስ 40 ሺሊንግ ከሆነ። ካቶሊኮች በ1793 ይህን መብት ሲያገኙ ባላባቶች የድምፃቸውን ቁጥር ለማብዛት በዕድሜ የሚለካ ኪራይ ለትናንሽ ገበሬዎች ሳይቀር ሰጡ። በ1829 መለኪያው ወደ 10 ፓውንድ ሲወጣ ምክንያቱ ቀረ። ስለዚህ ከ1793 እስከ 1829 ባለው ጊዜ የትንሽ ካቶሊክ ገበሬ ስም መፈለግ ከሌላው ዘመን ይልቅ ተስፋ አለው፤ የመራጮች መዝገቦችም አብረው ይታዩ።

የጋብቻ ውልና የኋላ ታሪክ

የጋብቻ ውል ሁለት ቤተሰብን በአንድ ገጽ ላይ ያስቀምጣል፦ ሙሽራው፣ አባቱ፣ ሙሽሪት፣ አባቷ ወይም ባሏ የሞተባት እናቷ ወይም ወንድሟ፣ ከዚያም ባለአደራዎች። ሙሽሪት ይዛ የምትመጣው ገንዘብና ባሏ ቢሞት በየዓመቱ የሚከፈላት መተዳደሪያ ይወሰናል። ባለአደራዎቹ ብዙ ጊዜ አጎት ወይም የእህት ባል ናቸው፤ ስማቸውን ለብቻ ጽፎ መከታተል ያዋጣል። ሰጪው ብዙ ጊዜ የሙሽራው አባት ስለሆነ ውሉን በሙሽሪት ቤተሰብ ስም የሚፈልግ ሰው ሊያጣው ይችላል፤ በሁለቱም ወገን ይፈለግ። ቀኑ በአብዛኛው ከሠርጉ በፊት በነበሩት ቀናት ነው፤ ሠርጉ ከተፈጸመ በኋላ የተጻፈም አለና የውሉን ቀን የጋብቻ ቀን አድርጎ መመዝገብ ልክ አይደለም።

ጀማሪ ብዙ ጊዜ ዘሎ የሚያልፈው የውሉን መግቢያ ነው። «በ1740 በተጻፈ ውል እገሌ ለእገሌ አከራይቶ ስለነበረ፣ የተባለውም እገሌ ሦስት ልጆች ትቶ ስለሞተ፣ ታላቁም ልጅ ያለ ወራሽ ስለሞተ...» እያለ የሚዘረዝረው ረጅሙ ክፍል ማለት ነው። በ1815 የተጻፈ ውል የ75 ዓመት የቤተሰብ ታሪክ በዚህ ክፍል ሊይዝ ይችላል፤ ምክንያቱም ሻጩ መሬቱ በሕጋዊ መንገድ ወደ እጁ እንደደረሰ ለገዢው ማሳየት ነበረበት። ከዚህ የሚወጣው የሥራ ደንብ፦ በ1740 ስለነበረ ሰው ለማወቅ በ1740 ብቻ አይፈለግም፤ ያቺ መሬት በተነሣችበት ውል ሁሉ እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ መውረድ ይገባል። የምዝገባ መዘግየትም ወደዚያው ይገፋል፤ ውሉ ከተጻፈ አሥር፣ ሃያ ዓመት ቆይቶ፣ ክርክር ሲነሣ ብቻ የተመዘገበ አለ። ማውጫው የሚከተለው የተመዘገበበትን ጊዜ ነው።

ኑዛዜዎችም በዚህ መንገድ ተመዝግበዋል፤ በተለይ መሬት የሚያጨቃጭቅ ሲሆን። ከ1708 እስከ 1832 የተመዘገቡት ኑዛዜዎች ማጠቃለያ በአየርላንድ የብራና ጽሑፎች ኮሚሽን በሦስት ቅጽ ታትሟል፤ የስም ማውጫም አለው። ኑዛዜዎቹ በፎር ኮርትስ ከጠፉ በኋላ ይህ ሀብት ነው።

ሰውን የሚያሳስቱ ነገሮች

ቀኑ አንዱ ነው። እስከ 1751 ድረስ ሕጋዊው ዓመት የሚለወጠው ማርች 25 ነበር። «ፌብሩዋሪ 10 ቀን 1720» ተብሎ የተጻፈ ውል በዛሬው አቆጣጠር የ1721 ነው። ይህን የዘነጋ ሰው ልጅ ከወላጆቹ ጋብቻ በፊት ተወልዶ፣ ሟች ከሞተ በኋላ ፈርሞ ያገኛል። የኢትዮጵያ አንባቢ እዚህ ላይ ዕድለኛ ነው፤ ጥቅምትን ሲመልስ ሰባት፣ የካቲትን ሲመልስ ስምንት መደመር የለመደ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። ከጃንዋሪ 1 እስከ ማርች 24 ያለን ቀን ሁለቱንም ዓመት አድርጎ፣ 1720/21 ብሎ መጻፍ ይሻላል።

የመሬት ስፋት ሌላው ነው። በውሎቹ ውስጥ «በፕላንቴሽን ልክ» የሚባለው የአየርላንድ ኤከር 7,840 ካሬ ያርድ ነው፤ የእንግሊዙ ሕጋዊ ኤከር 4,840 ብቻ ነው። አንዱ የአየርላንድ ኤከር ከሕጋዊው 1.62 እጥፍ ይሆናል። የ1765ቱ 40 ኤከር በግሪፊዝ ላይ 65 ኤከር ገደማ ሆኖ ይመጣል፤ ቤተሰቡ መሬት ጨመረ ብለው እንዳይጽፉ። በሰሜን ምሥራቅ ደግሞ 6,250 ካሬ ያርድ የሆነ ከኒንግሃም የሚባል ኤከር ነበረ። ገንዘቡም እንዲሁ ነው፤ እስከ 1826 ድረስ 13 የአየርላንድ ፓውንድ ከ12 የእንግሊዝ ፓውንድ ጋር እኩል ነበር።

አንድ መሬት በተከታታይ ሁለት ቀን በሁለት ውል ሲገኝ፣ በመጀመሪያው ቀን ለአንድ ዓመት በአምስት ሺሊንግ ተከራይቶ፣ በማግስቱ ሙሉ በሙሉ ተለቅቆ፣ ይህ ሁለት ጉዳይ አይደለም። በዚያ ዘመን ሽያጭ የሚፈጸምበት የሕግ መንገድ ነበር፤ ሁለቱ ወረቀቶች አንድ ሽያጭ ናቸው።

የዝምድና ቃላትም እንደዛሬው አልነበሩም። አማች ብለን የምንተረጉመው የእንግሊዝኛ ቃል የእንጀራ ልጅንም ይጨምር ነበር፤ ወንድም የተባለውም የሚስት ወንድም ሊሆን ይችላል። እማኝን ዘመድ ነው ብሎ መቁጠር ደግሞ ከሁሉ የበዛው ስህተት ነው፤ ብዙዎቹ የጠበቃው ጸሐፊዎችና አሽከሮች ናቸው። አንድ እማኝ በአራት ባልተዛመዱ ቤተሰቦች ውል ላይ ከተገኘ ጸሐፊ ነው። በተቃራኒው ከቤተሰቡ ጋር አንድ ስም ያለውና መኖሪያው የተጻፈ እማኝ ሊመረመር ይገባዋል። አባትና ልጅ፣ የአጎት ልጆችም በአንድ ስም ስለሚጠሩ፣ ስም ተመሳሰለ ብሎ አንድ ሰው ከማድረግ በፊት መኖሪያው፣ ሥራውና መሬቱ ከሦስቱ ቢያንስ በሁለቱ ይግጠሙ።

ጽሕፈቱ በአብዛኛው የሚነበብ ነው፤ ቋንቋው እንግሊዝኛ እንጂ ላቲን አይደለም። የሚያስቸግረው ረጅሙ ኤስ ኤፍ መምሰሉና ስሞቹ ማጠራቸው ነው፤ ጆን በሦስት ፊደል፣ ዊሊያም በሁለት ፊደል ይጻፋል። አንድ ሙሉ ሜሞሪያል ቃል በቃል በእጅ ከገለበጡ በኋላ ሁለተኛው በግማሽ ጊዜ ይነበባል፤ የሚደጋገሙትን የሕግ ሐረጎች ስለሚያውቋቸው ዓይን ወደ አዲሱ ነገር ብቻ ይሄዳል።

ግልባጩ ላይ ቤተሰብዎን ካገኙ አንድ ነገር ይቀራል። በፊልም የሚታየው የጸሐፊው እጅ ጽሑፍ ነው፤ በተዋዋዩ እጅ የተፈረመው ሜሞሪያል ግን ሄንሪዬታ ጎዳና ባለው ግምጃ ቤት አሁንም ተቀምጧል። ቅጹን፣ ገጹንና ቁጥሩን ጠቅሰው የዋናውን ሜሞሪያል ቅጂ በክፍያ ይጠይቁ። ከሁለቱ ወገን የፈረመው ባላባቱ ሊሆን ይችላል፤ ተከራዩ የፈረመበት ከሆነ ግን የቅድመ አያትዎን ፊርማ፣ ማንበብ የማይችሉ ከነበሩም በስማቸው መካከል ያደረጉትን ምልክት፣ ከጎኑ ካለው የማኅተም ሰም ጋር ያያሉ።